ምዕራፍ ሰባት፦ በሩ የሚታይበት ክፍል

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰውን፣ ቻይናዎች ስለሠሩት ሰዉ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ይዞ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው የጉናን ተራራ በስተቀኙ እያየ ክምር ድንጋይን ያልፍና በደቡብ ጎንደር ያለው ላይ ጋይንት ይገባል። ከተማዋ ነፋስ መውጫ ትባላለች። በ2013 ዓ.ም. ከነሐሴ 6 እስከ 15 በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ነበረች። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ቡሄም በመካከሉ ውሏል። ሙልሙል የሚጋገርበትና ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት ሳምንት ነበር።

አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ሳምንት የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች በቪዲዮ ጥሪ አነጋግሮ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ ዘገባ አወጣ። 14ቱ የደፈሯቸው ከአንድ በላይ ታጣቂዎች እንደነበሩ ተናግረዋል። የአካባቢው አስተዳደር የመዘገባቸው ተጠቂዎች ደግሞ ከ70 በላይ ነበሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም፤ የከተማዋ የጤና ተቋማት ግን ተዘርፈው ስለነበር ሴቶቹ የተሟላ ሕክምና አላገኙም። በዚያው የነሐሴ ሳምንት ይኸው ድርጅት የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮችና አጋሮቻቸው በትግራይ የፈጸሙትን የወሲብ ጥቃት ከ63 ሴቶችና ልጃገረዶች ሰምቶ ይፋ አድርጎ ነበር። እሱን ሳይጠቅሱ ስለ ነፋስ መውጫ ብቻ መጻፍ ግማሽ እውነት ይሆናል።

ለቁስል መድኃኒት አለ። ለወንጀሉም፣ ቢዘገይም፣ ፍርድ ቤት አለ ይባላል። ከኋላዋ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንፋሿ የሚቆረጠው፣ ሌሊት የበር መቀርቀሪያ ሲንኳኳ እጇ የሚደነዝዘው ሴት ምን ይደረግላት? ጤና ጣቢያ ብትሄድ የምትናገረው ራሷን እንደሚያማት፣ ጨጓራዋ እንደሚነድ፣ ትከሻዋ እንደተያዘ ነው። የሕመም ማስታገሻ ይሰጧታል። የተናገረችው አንዱም ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥ የሚያማት እዚያ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል አደጋን ቀድሞ የሚያይ ክፍል አለ። ማማ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ ዓይነት ነው፤ ቅጠል ሲነቃነቅ ይጮሃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ትልቅ መከራ ያለፈበት ሰው ላይ ይህ ልጅ አዝመራው ከገባ በኋላም ከማማው አይወርድም። ሰውነት አደጋው እንዳለፈ አያውቅም። ሴትየዋ በአእምሮዋ «አሁን እኮ ቤቴ ነኝ» ብታውቅም ያ እውቀት እጇና ሆዷ ድረስ አይደርስም።

ሌላም ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት፣ የደረሰባቸው ነገር ተጽፎ ሲነበብላቸው እንዲህ ያለ መከራ ያለፈባቸው ታማሚዎች አንጎል ምን እንደሚሆን ተመልክቶ ነበር። ንግግርን የሚያቀናብረው፣ ብሮካ የሚባለው ክፍል ሥራው ቀነሰ። «ተናገሪው፣ ይቀልልሻል» የሚለው የአማካሪዎች ምክር አንዳንድ ጊዜ የማይሠራው በእፍረት ብቻ አይደለም ማለት ነው። እፍረቱ ደግሞ በእኛ አገር ራሱን የቻለ ግድግዳ ነው።

ከጥናቱ ሠሪዎች አንዱ ቤሴል ቫን ደር ኮልክ የተባሉ፣ ሆላንድ ተወልደው አሜሪካ የሚሠሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው። በቬትናም የተዋጉ ወታደሮችን ሲያክሙ የጀመሩትን ጥያቄ ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን በነበረ ማዕከል ቀጠሉበት። እዚያ ዴቪድ ኤመርሰን ከሚባል የዮጋ መምህር ጋር ተገናኙ። ኤመርሰን ሐኪም አይደለም። ያመጣው ነገርም አዲስ የዮጋ አቋቋም አልነበረም፤ የመምህሩን ጠባይ ግን ከሥሩ ለወጠ።

ተራ የዮጋ ክፍል የገባ ያውቀዋል። መብራቱ ይደበዝዛል፤ መምህሩ በተማሪዎች መካከል እየተዘዋወረ «እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ፊት» ይላል፤ የተሳሳተን ከኋላ መጥቶ በእጁ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ ለተደፈረች ሴት ምን እንደሚመስል ማሰብ አያስቸግርም። አዛዥ ድምፅ፣ ጨለማ፣ ከኋላ የሚመጣ እጅ፣ በጀርባ ተኝቶ እግር መክፈት። ኤመርሰን እነዚህን አንድ በአንድ አስወጣቸው። በእሱ መንገድ መምህሯ ከቦታዋ አትነሣም፤ ሁሌም ትታያለች፤ የምታደርገውን ከተማሪዎቿ ጋር አብራ ታደርጋለች። ማንንም አትነካም። ክፍሉ ብርሃን አለው፤ በሩ ከየትኛውም ቦታ ይታያል፤ የፈለገች ተነሥታ መውጣት ትችላለች፣ ምክንያት አትጠየቅም። ወንበር ላይ ተቀምጦ መሥራትም ይቻላል። የሳንስክሪት ስም የለም፤ ዝማሬ የለም። መምህሯ «ከፈለግሽ እጅሽን ማንሣት ትችያለሽ፤ አንዱን ብቻ ማንሣትም ይቻላል፤ አለማንሣትም ይቻላል» ትላለች። ስለደረሰው ነገር ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋነት ብቻ ይመስላል። የሕክምናው ልብ ግን ይኸው ነው። ጥቃቱ ከሴትየዋ የወሰደው በገዛ ሰውነቷ ላይ የመወሰን ሥልጣኗን ነበር። እዚህ፣ ትንሽ በሆነ ነገር፣ ክንድን በማንሣትና ባለማንሣት፣ ያ ሥልጣን በየደቂቃው ይመለስላታል። ትንፋሹም የራሱ ሥራ አለው፤ ረዘም አድርገው ወደ ውጭ ሲተነፍሱ ከአንጎል ወደ ልብና ሆድ የሚወርደው ነርቭ የልብ ምትን ያዘገያል። ነገር ግን ያ ትንፋሽ በትእዛዝ ከሆነ ጥቅሙ ይጎድላል፤ እንዲያውም ደረቷ ላይ ማተኮር የሚያስደነግጣት ሴት አትጠፋም። ስለዚህ ትንፋሹም ምርጫ ነው።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የቫን ደር ኮልክና የባልደረቦቻቸው ጥናት ከትልቅ መከራ በኋላ በሚመጣው የአእምሮ ሕመም (PTSD) የታመሙና ሌላ ሕክምና ያልረዳቸውን 64 ሴቶች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ለ10 ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ዮጋ ሠሩ፤ የቀሩት ስለ ሴቶች ጤና ትምህርት ተማሩ። በመጨረሻው ላይ ዮጋ ከሠሩት 52 በመቶው፣ ከተማሩት 21 በመቶው የሕመሙን መለኪያ አያሟሉም ነበር። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ጥናቱንም ያካሄዱት ዘዴውን ያፈለቁት ራሳቸው ናቸው። እኔ የበለጠ የማምነው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ነው። በውትድርና ሳሉ የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው 131 አሜሪካውያን ሴቶች ተመርጠው ዮጋው በስፋት ከሚታመንበት የንግግር ሕክምና ጋር ተወዳደረ። በውጤት እኩል ሆኑ። ልዩነቱ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው በመከታተል ላይ ታየ፤ ዮጋውን የጨረሱት ይበዙ ነበር።

ይህ ልዩነት ለደቡብ ጎንደር ትርጉሙ ከአሜሪካ ይሰፋል። ያ የንግግር ሕክምና በጽሑፍ የሚሠራ ልምምድ አለው፤ ሴትየዋ ስለ ራሷ ያላትን እምነት ወረቀት ላይ እያሰፈረች ትመረምራለች። በዚያው ዞን፣ እስቴ ወይም ስማዳ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረች እናት በየትኛው እስክሪብቶ ትመርምረው? የሠለጠነ ባለሙያውስ? ኢትዮጵያ ለአሥርተ ዓመታት አንድ የአእምሮ ሆስፒታል፣ አማኑኤልን፣ ብቻ ይዛ የቆየች አገር ናት። መናገርን የማይጠይቅ፣ መጻፍን የማይጠይቅ ዘዴ ካለ ቢያንስ ጆሮ ሊሰጠው ይገባል።

ወደ አፍሪካ ከመጣን ሩዋንዳ ቀድማለች። ዲየርድሬ ሰመርቤል የተባለች የዮጋ መምህርት እ.ኤ.አ. በ2007 ኪጋሊ ውስጥ «ፕሮጀክት ኤር» የሚባል ሥራ ጀመረች። ተማሪዎቿ በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ የተደፈሩና ብዙዎቹም በዚያ ምክንያት ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ። የሚገርመው ያስተማረችው ለስላሳውን ዓይነት አለመሆኑ ነው። አሽታንጋ የሚባለውን፣ የሚያልብና ጉልበት የሚጠይቀውን መረጠች። ከኤመርሰን ጥንቃቄ ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ ግን ልዩነቱ ቢቀር ይሻላል እላለሁ። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ዳገት ወጥታ የኖረች ሴት ሰውነቷ ደካማ ነው ተብሎ እንደ ብርጭቆ ሲያዝ ልትናደድ ትችላለች። ጉልበቷን እንደገና ማግኘት የምትፈልግ አለች፤ ዝም ብላ መቀመጥ የምትፈልግም አለች።

በአገራችን ለተጠቂዎች የቆሙት ሰዎች ታሪክ ከዮጋ አይነሣም። ማሪያ ሙኒር ዳኛ ነበሩ። በችሎት የሚፈርዱላት ሴት ከችሎቱ በኋላ የምትሄድበት ቤት እንደሌላት ማየት ለሕግ ሰው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን አቋቋሙ። በማኅበሩ መጠለያ ሴቶቹ አልጋና ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሕግ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ሙያ ይማራሉ፤ ራስን የመከላከል ሥልጠናም አለ። የመጨረሻው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በሰውነት በኩል ወደ ልብ መግባት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ዮጋ የሚለውን ስም ሳይይዝ አዲስ አበባ ውስጥ ሲሠራበት ቆይቷል።

ለደቡብ ጎንደር ይበልጥ የሚቀርበው ባሕር ዳር ያለው የፊስቱላ ማዕከል ነው፤ ፊስቱላ በረጅም ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት የሚያፈስ ጉዳት ነው። ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገብተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። የባሕር ዳሩ ማዕከል በ2005 ሥራ ሲጀምር የጋይንትና የእስቴ ሴት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቀረላት። ስለ ፊስቱላ ሲነገር ቀዶ ሕክምናው ይወራል እንጂ የእግሩ ነገር አይወራም። በረጅም ምጥ ነርቯ የተጎዳ ሴት እግሯን እየጎተተች ትመጣለች። አንዳንዷም ሽንቷ እንዳይፈስ ብላ ተኮራምታ ስለምትተኛ ጉልበቷ አልዘረጋ ይላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎን የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይሰጣል። ሴትየዋ መቆም፣ መራመድ፣ መዘርጋት እንደገና ትማራለች፤ በዙሪያዋ ያሉትም የእሷው ዓይነት ጣጣ ያለባቸው ናቸው። የተደበቀች ሴት በሰው ፊት ቀና ብላ የምትቆምበት ሰዓት ነው።

ከሐምሊኖች እጅ የወጣችው ማሚቱ ጋሼ ደግሞ የዚህ ምዕራፍ ዋና ሰው ልትሆን በተገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገና በልጅነቷ ፊስቱላ ይዟት ወደ ሐምሊኖች መጣች። ትምህርት ቤት አልገባችም። አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል፤ ከዚያ ሐምሊኖች ራሱን ሥራውን አስተማሯት። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከተሸለሙት አንዷ ሆነች። በ2018 ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች ተርታ አሰለፋት። ሆስፒታሉ ከዳኑት መካከል ብዙዎችን ረዳት ነርስ አድርጎ ማሠራቱን ልማድ አድርጎታል። አዲስ ታማሚ ስትመጣ አልጋዋን የምታነጥፍላት ሴት ያንኑ ያየች ናት፤ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አሁን ደብረ ታቦር ላይ እንደ ኤመርሰን ያለ የዮጋ ክፍል ይከፈት ቢባል የመጀመሪያው ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ይመጣል፤ ቢመጣም አያስወቅስም። ዮጋ ከሂንዱ እምነት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ይህን የሚክድ መጽሐፍ አንባቢውን ያታልላል። በሌላ በኩል ከላይ የጻፍኩት የኤመርሰን ክፍል ዝማሬውንም የአማልክቱንም ስም ትቷል፤ የቀረው መቀመጥ፣ መዘርጋትና መተንፈስ ነው። በኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ሕንዶች መሆናቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በከተማው አሉ፤ ከሒሳቡ ጋር ሃይማኖቱ አልመጣም። ያም ሆኖ ስሙ ካስቸገረ ስሙ ይቅር። «የሰውነት ማፍታቻ» ተብሎ ቢጠራ ከጥቅሙ አንድም አይጎድልም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ደግሞ «እኛ ስግደት አለን፣ የሕንድ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። መልኩን ላየ ልክ ነው። መንበርከክ፣ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ መነሣት፣ በትንፋሽ ልክ መደጋገም፤ በሰሙነ ሕማማት ደብረ ታቦር ውስጥ በየደብሩ የሚታየው ይህ ነው። ሰውነት ከጸሎት ጋር አብሮ እንደሚሠራ የእኛ ሰው ከቦስተን ቀድሞ ያውቃል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ስግደት አንዳንድ ጊዜ የንስሐ አባት ለኃጢአት የሚሰጠው ቀኖና ነው፤ በቁጥር ይታዘዛል። የተደፈረች ሴት ደግሞ ምንም ሳትበድል ራሷን እንደ በደለኛ ልትቆጥር ትችላለች። እንዲህ የምታስብ ሴት «መቶ ስገጂ» ብትባል ለመዳን ሳይሆን ለቅጣት ትሰግዳለች፤ ውስጧ ያለውን ውሸት ጉልበቷ ያጸድቀዋል። ስለዚህ ወሳኙ ሰው ንስሐ አባቱ ነው። «ልጄ፣ ይህ ያንቺ ኃጢአት አይደለም፤ ቀኖና የለብሽም» የሚል ቄስ በአንድ ቀን የሚሠራውን የትኛውም አሠልጣኝ በዓመት አይሠራውም። ካህናቱን ሳያማክር በሩን የሚከፍት ድርጅት ካለ የሚሠራው ለራሱ ሪፖርት ነው።

እስክስታም ይነሣል። ትከሻን ያፈታል፣ ትንፋሽን ያንቀሳቅሳል፣ ከሌላው ጋር በአንድ ምት ያስገባል። ግን በሠርግና በዓል፣ ወንድ በተሰበሰበበት፣ እየታዩ የሚጨፍሩት ነው፤ ሐዘን ያለባት ሴት አትጨፍርም። ሴቶች ብቻ ባሉበት ክፍል ውስጥ በራሷ ጊዜ ትከሻዋ ቢነሣ ደስ ይለኛል፤ በፕሮግራም አስገብቶ «አሁን እስክስታ» ማለት ግን ተመልሶ ትእዛዝ ነው።

የቀረው ተራ ነገር ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም በተራ ነገር ነው። ልብሱ ሊለወጥ አይገባም፤ በቀሚስና በመቀነት የማይሠራ እንቅስቃሴ ካለ እሱው ይቅር። ቀኑ ገበያ ያለበት ቢሆን ሴትየዋ ወደ ከተማ የመጣችበትን ምክንያት ለማንም አታስረዳም። ሕፃን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የቤቱ በር ላይ «የተደፈሩ ሴቶች ማዕከል» የሚል ታፔላ ከተሰቀለ ማንም አይገባበትም፤ ስፌትና እንጀራ የሚማሩ፣ ቡና የሚጠጡ ሌሎች ሴቶችም የሚገቡበት ግቢ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ በቦስተንም በኪጋሊም ያልነበረ አለ። እዚያ የደረሰው ነገር አልፏል ተብሎ ነው የተጀመረው። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስታወጀው ሌላ ግጭት ተነሥቶ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። «አደጋው አልፏል፣ ሰውነትሽ ይረፍ» የሚል ትምህርት ተኩስ በሚሰማበት ምሽት ሐሰት ነው። መደንገጥ በሚገባበት ቦታ መደንገጥ በሽታ አይደለም። የዚህ ዓይነት ክፍል በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ትከሻ የሚወርድበት አንድ ሰዓት። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ሰው አይታመን።

ማን ያስተምር? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሥሩት የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። አልስማማም። ክትባቱ፣ የእርግዝና ክትትሉ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሪፖርቱ ሁሉ እነሱ ላይ ነው። ደግሞም ቀበሌው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እነሱ ቤት መመላለስ ራሱ ወሬ ያስነሣል። የማሚቱን መንገድ መከተል ይሻላል፤ ራሳቸው መከራውን ያዩትንና አሁን ቀና ያሉትን ሴቶች አስተምሮ መምህር ማድረግ። የኤመርሰን ማዕከል ለአስተማሪዎች የሚሰጠው ሥልጠና 300 ሰዓት ነው። በሳምንት 6 ሰዓት ቢሰጥ አንድ ዓመት ሊሞላ ይቃረባል ማለት ነው። ያን ዓመት ከማሳዋ፣ ከጠላ ንግዷ፣ ከልጆቿ ተነጥላ የምትማር ሴት ትበላለች፣ ታበላለች። በኋላም መምህር ስትሆን በበጎ ፈቃድ አትኖርም። የለመድነው የፕሮጀክት በጀት ለባነር፣ ለቲሸርትና ለሆቴል አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ደመወዝ ላይ ሲደርስ ለስድስት ወር ብቻ ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ምንጣፍ አያስፈልግም፤ ሰሌን ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ አለ፤ አጎዛም በየቤቱ አለ። ለእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ለሁለት ሴቶች የሦስት ዓመት ደመወዝ ሆኖ አስቀድሞ ይቀመጥ፤ ክፍሉ ከዚያ በኋላ ይከፈት።